ነዳጅ የምትጠጣ የድሮ ኤስዩቪ፦ ማስተካከል፣ ሞተር መቀየር ወይስ መሸጥ?

የድሮ ፕራዶ፣ ራቭ ፎር፣ ቴሪዮስ ወይም ቪታራ ያለው ሰው ስለ ነዳጅ ሲያማርር ምክር ሰጪ አያጣም። አንዱ «ካንዴላ ቀይር» ይለዋል። ሌላው «ናፍጣ ሞተር አስገጥምላት» ይላል። ሦስተኛው «ሽጣትና በቪትስ ተገላገል» ብሎ ይደመድማል። ሦስቱም ምክሮች ለሆነ መኪና ልክ ናቸው። ለእናንተ መኪና የትኛው ልክ እንደሆነ ለመለየት ግን መጀመሪያ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። መኪናዋ ዛሬ የምትጠጣው ነዳጅ፣ አዲስ እያለች ትጠጣ ከነበረው ምን ያህል ይበልጣል?

ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ የሆነ ቦታ ብልሽት አለ። ብልሽቱን ፈልጎ ማስተካከል ከሌላው ምርጫ ሁሉ ይረክሳል። ልዩነቱ ጠባብ ከሆነ ደግሞ መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ ተፈጥሮዋ ነው። ጤነኛ መኪና ላይ ዕቃ እየቀያየሩ ነዳጅ ለመቆጠብ መሞከር ብር ማባከን ነው። ያኔ የሚቀረው አነዳድን መቀየር፣ ካልሆነም መኪናዋን መለወጥ ነው።

መጀመሪያ መለካት

ብዙ ሰው የሚለካው በብር ነው። «በዚህን ያህል ብር ሳምንት እነዳ ነበር፣ አሁን አራት ቀን አትደርስም» ይላል። ይሄ ስለ ነዳጅ ዋጋ እንጂ ስለ መኪናዋ ምንም አይነግረንም። የነዳጁ ቀስትም አያስተማምንም። በድሮ መኪና ላይ ከሙሉ እስከ ግማሽ ያለው ጉዞና ከግማሽ እስከ ባዶ ያለው ጉዞ እኩል የማይሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነው። ታንኩን ሙሉ። የመቅጃው እጀታ በራሱ ቀጥ ሲል በቃ፤ ከዚያ በኋላ እያንጠባጠባችሁ አትጨምሩ። የጉዞ ቆጣሪውን ዜሮ አድርጉት። ቢያንስ ሁለት መቶ ሦስት መቶ ኪሎሜትር እንደወትሮው ንዱ። ከዚያ እዚያው ማዳያ ተመልሳችሁ እንደገና ሙሉ። የሄዳችሁትን ኪሎሜትር ሁለተኛ ላይ በገባው ሊትር አካፍሉ። ይህን ደግማችሁ ሥሩት፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተለካ ያሳስታል። የከተማውንና የአገር አቋራጩን ለየብቻ ከያዛችሁት ደግሞ የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ ጎማን አትርሱ። ብዙ ፕራዶዎች ከፋብሪካ የመጡት በ265/70 ባለ16 ጎማ ነው። ባለቤቱ ከፍ እንድትልለት 265/75 ካስገባ የጎማው ዙሪያ በ3.4 በመቶ ያድጋል። ቆጣሪው 300 ሲል መኪናዋ በእርግጥ የሄደችው 310 ገደማ ነው። ስለዚህ ቆጣሪው ከሚለው የተሻለ እየሄደች «በላች» ተብላ ትታማለች። በተቃራኒው አነስ ያለ ጎማ ያስገባ ሰው ሳይቆጥብ የቆጠበ ይመስለዋል።

አሁን ቁጥራችሁን ከምን ጋር ታነጻጽሩታላችሁ? በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የተሠራች ባለ 2.7 ሊትር ቤንዚን ቶዮታ ፎርራነር፣ በአራቱም ጎማ የምትነዳዋ፣ በአንድ ሊትር ከ7 እስከ 8 ኪሎሜትር ትሄዳለች። በዚያው ዘመን ከነበረችው ባለ 2.7 ፕራዶ ጋር ሞተሯ አንድ ነው። ባለ 3.4 ቪ6ቷ 7 አካባቢ ናት። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣችው ባለ 2.0 ራቭ ፎር 9 ትንሽ ታልፋለች። እነዚህ ከተማና አውራ ጎዳና የተቀላቀሉባቸው ቁጥሮች ናቸው። በአዲስ አበባ መጨናነቅ ከዚህ ትንሽ ዝቅ ቢል አያስደነግጥም። ፕራዶዋ በሊትር 6 ብትል ከተማው ነው። 4 ተኩል ወይም 5 ብትል ግን ከተማውን አትክሰሱት፤ መኪናዋ ውስጥ የሆነ ነገር አለ።

የከፍታውም ነገር መነሳት አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ተርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) የሌለው ሞተር አቅሙን በዚያው ልክ ያጣል፤ እግራችሁም ነዳጅ መስጫው ላይ ይበልጥ ይጫናል። ኢንጀክሽን ያላት፣ ማለትም ነዳጁን በኮምፒውተር ትእዛዝ የምትረጭ መኪና የአየሩን መሳሳት በሴንሰር አይታ ነዳጁን ራሷ ትቀንሳለች። ካርቡሬተር ያላት ግን አታይም። ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክላ የመጣች ከሆነ እዚህ ነዳጅ እያበዛች ነው የምትኖረው። እንዲህ ዓይነት መኪና ያላችሁ ካርቡሬተሩን የሚያውቅ ሰው ነዳጅ የሚያሳልፈውን ትንሽ ቀዳዳ በጠበበ እንዲቀይርላችሁ አድርጉ። ርካሽ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን ይታያል።

የጥገናን ዋጋ በሊትር ቁጠሩት

አንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በወር 1,000 ኪሎሜትር የምትነዳ መኪና እንውሰድ። በሊትር 5 ኪሎሜትር የምትሄድ ከሆነ 200 ሊትር ትፈልጋለች። አስተካክላችኋት 7 ብትገባ 143 ሊትር ይበቃታል። 57 ሊትር ተረፈ። አሁን ትንሽ መኪና እንውሰድ፤ ከ12 ወደ 14 አሻሻልናት እንበል። ይሄም የሁለት ኪሎሜትር ጭማሪ ነው። የተረፈው ግን ከ83 ወደ 71፣ 12 ሊትር ብቻ ነው።

ስለዚህ «አሮጌ ናት፣ ምን ዋጋ አላት» የሚለው አባባል የተገላቢጦሽ ነው። ብዙ የምትጠጣ መኪና ላይ የምትመለስ እያንዳንዷ ኪሎሜትር ከፍተኛ ዋጋ አላት።

ጋራዥ የጠየቃችሁን ገንዘብም በዕለቱ የነዳጅ ዋጋ አካፍላችሁ ወደ ሊትር ቀይሩት። ሥራው የ120 ሊትር ዋጋ ከሆነና በወር 40 ሊትር የሚያስቀር ከሆነ በሦስት ወር ወጪውን መለሰ። የ3,000 ሊትር ዋጋ ሆኖ በወር 30 ሊትር የሚያስቀር ከሆነ ስምንት ዓመት አልፎታል። ከዚህ በታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ በዚህ ዓይን ተመልከቷቸው።

ምርጫ አንድ፦ የተበላሸውን ማስተካከል

እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይህንን ነው። በተለይ ከፋብሪካ ቁጥሯ በጣም ለራቀች መኪና። ግን «ሰርቪስ አድርጉልኝ» ብሎ መስጠት አይደለም። ዘይትና ፊልትሮ ተቀይሮ የነዳጅ ነገር ባለበት ይቀራል። ነዳጅ የሚያስበሉት ጥቂት የታወቁ ቦታዎች ናቸው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ትንሽ በር። በአገራችን የድሮ መኪኖች ላይ ቴርሞስታት ወጥቶ የተጣለበት መኪና ስንቱ ነው! መኪናዋ አንድ ቀን ትግላለች። መካኒኩ ይከፍትና «ይሄ ነው የሚያፍናት» ብሎ አውጥቶ ይጥለዋል። ሙቀቱ ይወርዳል፤ ባለቤቱም ይደሰታል። ከዚያ በኋላ ግን ሞተሩ መሥራት ወደሚገባው ሙቀት አይደርስም። በአዲስ አበባ ጠዋት ደግሞ ጨርሶ አይሞቅም። ኮምፒውተሩ «ገና ቀዝቃዛ ናት» ብሎ ስለሚያስብ ነዳጅ ጨምሮ ይረጫል። አውቶማቲክ በሆኑት ብዙ ቶዮታዎች ላይ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ የመጨረሻው ማርሽ አይገባም። ስለዚህ በሁለት በኩል ትበላለች። ሞተሩም ቶሎ ያልቃል።

ቴርሞስታት መኖር አለመኖሩን ቤት ሆናችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ጠዋት መኪናዋ ድፍን ብላ ቀዝቅዛ እያለች አስነሷት። ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን የላይኛውን ወፍራም ጎማ ቱቦ፣ ከፋንና ከቺንጋው እጃችሁን አርቃችሁ፣ በየደቂቃው ዳሰስ አድርጉት። ጤነኛ ከሆነ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ሞተሩ ሲሞቅ ቶሎ ይግላል። ገና ከመጀመሪያው ከሞተሩ ጋር አብሮ ቀስ እያለ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታት የለም ወይም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። አዲሱ ዕቃ ውድ አይደለም። መካኒካችሁ «ከገባ ትግላለች» ካላችሁ፣ መጀመሪያውኑ ያጋላት ነገር አልተፈታም ማለት ነው። የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ የውኃ ፓምፕ ወይም የላላ የፋን ክላች ሊሆን ይችላል። እሱ ተፈትቶ ቴርሞስታቱ ይመለስ።

ቀጥሎ ኦክስጅን ሴንሰር ነው። ጭስ መውጫው ላይ ተቀምጦ ነዳጅ በዛ ወይስ አነሰ የሚለውን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ነው። ሲያረጅ መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይሳሳታል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር የተበላሸ ኦክስጅን ሴንሰር ሲቀየር የነዳጅ አጠቃቀም እስከ 40 በመቶ ሊሻሻል እንደሚችል ይገልጻል። ይሄ በጣም የባሰበት መኪና ላይ ነው፤ ሁሉም ሰው 40 በመቶ አይጠብቅ። ምልክቶቹ ግን ግልጽ ናቸው። የጭስ ማውጫው አፍ ጥቁር ጥላሸት ይይዛል። ካንዴላ ሲፈታ ጫፉ ደረቅ ጥቁር ነው። መኪናዋ ቆማ ስትሠራ የቤንዚን ሽታ አለ። የቼክ ኢንጂን መብራት ሊበራም ላይበራም ይችላል። በነገራችን ላይ አንዳንድ ቤት መብራቷን አምፖል በማውጣት «ይጠግናሉ»። ቁልፍ ስትከፍቱ፣ ሞተር ሳታስነሱ፣ መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች ጠይቁ።

በኮምፒውተር ስታስመረምሩ «ኮድ የለም» የሚል መልስ ብቻ ይዛችሁ አትውጡ። ሞተሩ ሞቆ እያለ የሙቀቱ ንባብ ስንት ነው? የኦክስጅን ሴንሰሩ ንባብ ቶሎ ቶሎ ይዋዥቃል ወይስ አንድ ቦታ ቆሟል? እነዚህን ሁለቱን ብቻ ካያችሁ ብዙ ታውቃላችሁ። ሴንሰር ሳይመረመር በግምት መቀየር ግን ከባድ ወጪ ነው፤ ያገለገለ ሴንሰር መግዛትም አልመክርም።

ካታላይዘር (ጭስ መውጫው ላይ ሆኖ ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ) ማስወጣት ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው የሚሠራው ካታላይዘሩ ተደፍኖ ከነበረ ብቻ ነው። ጤነኛውን ማውጣት የሚያስቀረው ነዳጅ የለም። አየሩን ያበላሻል፤ ሻጩን ይጠቅማል።

የተያዘ ፍሬን ሌላው ሌባ ነው። የፍሬን ሸራውን የሚጫነው ካሊፐር ሲዝግ ሸራው ዲስኩን ሳይለቅ ይቀራል። ሜዳ ቦታ ላይ መኪናዋን ዜሮ ማርሽ አድርጋችሁ ፍሬኑን ስትለቁ ትንሽ ገፋ ሲደረግላት መንቀሳቀስ አለባት። ከጉዞ በኋላ ደግሞ የአራቱን ቸርኬ ሙቀት አወዳድሩ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ቢፋጅ እሱ ነው። እጃችሁን ቀስ አድርጋችሁ አስጠጉ፤ ያቃጥላል።

ናፍጣ ላላችሁ ጥቁር ጭስ ራሱ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው። የኢንጀክተር አፎች ያረጃሉ፤ ነዳጁን በደንብ መበተን ትተው ያንጠባጥባሉ። ከዚህ የባሰው ግን አቅም አነሳት ሲባል ፖምፓው ላይ ያለውን የነዳጅ መጠን ብሎን የሚያጠብቅ መካኒክ ነው። ሳሳ ባለ አየር ላይ ተርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ተጨማሪ ናፍጣ ቢሰጠው የሚያቃጥልበት አየር የለውም። ጭሱ ይጨምራል፤ አቅሙ ብዙም አይጨምርም። ፖምፓና ኢንጀክተር በመሣሪያ የሚያስተካክል ቤት ወስዳችሁ አሠሩ። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ግን በጥቁር ጭስ ለምትሄድ መኪና ይከፍላል።

የአየር ፊልትሮስ? እዚህ ላይ ብዙ የተነገረው ከእውነቱ ይበልጣል። በአሜሪካ የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባደረገው ጥናት ኢንጀክሽን ባላቸው የቤንዚን መኪኖች ላይ የቆሸሸ ፊልትሮ የነዳጅ ፍጆታን እንደማይጨምር ታይቷል፤ የሚቀንሰው የማፍጠን አቅምን ነው። በካርቡሬተር መኪና ላይ ግን ያስበላል። በአቧራ መንገድ የምትነዱ ፊልትሮውን ቀይሩት፤ ሞተሩን ለመጠበቅ እንጂ ነዳጅ ይቆጥብልኛል ብላችሁ አይደለም። በኮምፕሬሰር ንፋስ ደጋግሞ መንፋት ወረቀቱን ይበሳል።

ስለ ዘይት አንድ ቃል ብቻ። አምራቹ ቀጭን ዘይት ካዘዘ ወፍራም መጨመር ከ1 እስከ 2 በመቶ ነዳጅ ይበላል። ሞተሯ ዘይት የምትጠጣ ሆና ወፍራም ካደረጋችሁላት ግን ባለበት ይቀጥል።

ምርጫ ሁለት፦ ብር የማይጠይቀው

ይሄኛው ለሁሉም መኪና ይሠራል፤ ለጤነኛዋም ለታመመችውም።

አውቶማቲክ የድሮ ቶዮታ ካላችሁ አሁኑኑ ሄዳችሁ ማርሽ መቀየሪያው ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ እዩ። ዳሽቦርዱ ላይ «ኦቨርድራይቭ ኦፍ» የሚል መብራት በርቶ ከሆነ የመጨረሻው ማርሽ ተዘግቷል። በእጅ ወይም በጉልበት ተነክታ ስትቀር ማንም አያስተውላትም። በአዳማ ፈጣን መንገድ እንዲያ የሚነዳ ሰው ሞተሩን ያለ ምክንያት እያስጮኸ ነው። ቁልፏን አንዴ መጫን ነው፤ በቃ።

የጎማ ንፋስ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ይሞላ፤ ጠዋት ጎማው ሳይግል። ጎሚስታው በግምት የሚሞላው አይበቃም። አንድ ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ ነው) ሲጎድል የሚባክነው 0.2 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። አራቱም ጎማ አሥር አሥር ጎድሎባቸው የሚሄዱ መኪኖች ግን በየመንገዱ አሉ። አላይመንቱም አብሮ ይታይ፤ ጎማው በአንድ ጎን ከተበላ መኪናዋ ጎማዋን እየጎተተች ነው የምትሄደው። ለጭቃ የተሠራ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ ደግሞ አስፋልት ላይ ነዳጅ ይበላል። ከከተማ የማትወጡ ከሆነ በሚቀጥለው ግዢ ለአስፋልት የሚሆነውን ምረጡ።

ባዶ ፖርቶ መጋላ በከተማ ፍጥነት ብዙ አይጎዳም። አገር አቋራጭ ላይ ግን ነፋስ ይይዛል። ትልቅ የጣሪያ ሳጥን በአውራ ጎዳና ከ6 እስከ 17 በመቶ ነዳጅ ይጨምራል። የሚፈታ ከሆነ ፍቱት፤ ለበዓል ጉዞ መልሶ ማሰር ይቻላል። ክብደት በ45 ኪሎ 1 በመቶ ገደማ ነው። በከባድ መኪና ላይ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ መፍቻና ክሪክ ለማውጣት አትጨነቁ።

ፍጥነት ከክብደት ይበልጥ ይበላል። እነዚህ መኪኖች ፊታቸው ግድግዳ ነው። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ከ80 ወደ 120 ስትወጡ ግፊቱ ከሁለት እጥፍ በላይ፣ 2.25 ጊዜ ይሆናል። ወደ አዳማ ወይም ወደ ሐዋሳ ደጋግማችሁ የምትሄዱ በ90 መሄድን ሞክሩና ለኩ። የምታጡት ጊዜ ትንሽ ነው፤ የምታተርፉት ነዳጅ ግን በግልጽ የሚታይ ነው።

ቆማ የምትሠራ መኪና እንደ ሞተሩ ስፋትና እንደ ኤሲው በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ታቃጥላለች። ልጅ ከትምህርት ቤት ስትጠብቁ፣ የማዳያ ሰልፍ ላይ፣ ስልክ ስታወሩ በቀን ግማሽ ሰዓት ቢሆን በወር 20 ሊትር ይጠጋል። አጥፏት። ኢንጀክሽን ያላት መኪና እንደገና ስትነሳ የምትወስደው ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ አድርጎ መልቀቅ ግን እንዳታስቡት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ከእንጦጦ ሲመጣ አንዳንድ ሹፌር ነዳጅ ቆጠብኩ ብሎ በዜሮ ማርሽ ይወርዳል። ኢንጀክሽን ባላት መኪና ስሌቱ ራሱ የተገለበጠ ነው። በማርሽ እየወረዳችሁ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ኮምፒውተሩ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ ናቸው። ዜሮ ስታደርጓት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መርጨት ይጀምራል። ፍሬኑም ብቻውን ሸክሙን ተሸክሞ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። በዚህ ሰው ይሞታል። ሁሌም በማርሽ ውረዱ።

በአራት ጎማ ስለመንዳት፦ ቪታራና ሰርፍ (የጃፓኗ ፎርራነር) ላይ አራቱን ማስገባትና ማውጣት የሚቻል ከሆነ አስፋልት ላይ ሁሌም በሁለት ጎማ ይሁን። ብዙዎቹ ፕራዶዎች ግን ሁሌም በአራቱም የሚሄዱ ናቸው። የፊቱን ዘንግ አስፈትቶ በኋላ ጎማ ብቻ መንዳት የሚያስቀረው ነዳጅ ጥቂት ነው፤ በክረምት መንገድ ላይ የሚያሳጣችሁ መያዣ ግን ብዙ ነው። ይቅርባችሁ።

ምርጫ ሦስት፦ ጠርሙስ፣ ማግኔትና ብልጭ የምትል ሳጥን

ነዳጅ ቱቦ ላይ የሚታሰር ማግኔት፣ ታንክ ውስጥ የሚጨመር ኪኒን፣ ከዳሽቦርድ ሥር ተሰክታ መብራት የምታብለጨልጭ ሳጥን፤ እነዚህን አትግዙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለፉት አሥርተ ዓመታት ከ100 በላይ ነዳጅ ቆጣቢ የተባሉ ዕቃዎችን ፈትኗል። እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ ያሳዩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሞተር የሚጎዱ ናቸው። ዘመድ ከውጭ ቢልክላችሁ እንኳ አመስግናችሁ አስቀምጡት።

የኢንጀክተር ማጽጃ ፈሳሽ ግን ከነዚህ ጋር አይቆጠርም። ኢንጀክተሩ በእርግጥ ከቆሸሸ ሊረዳ ይችላል። የበለጠ የሚያስተማምነው ኢንጀክተሮቹን አስፈትቶ በማሽን ማሳጠብና እያንዳንዱ የሚረጨውን መጠን በመስታወቱ ቱቦ ማየት ነው። አራቱ እኩል ይረጩ እንደሆነ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከጃፓን የመጣች ዲ4 ራቭ ፎር ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሞተር ነዳጁን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚረጨው፤ በአየር መግቢያው በኩል አያልፍም። ስለዚህ መግቢያውና ቫልቮቹ ላይ ጥላሸት ይጋገራል። ታንክ ውስጥ የምትጨምሩት ፈሳሽ እዚያ አይደርስም። ተፈትቶ በእጅ መጽዳት አለበት።

አሜሪካ ሆናችሁ የድሮ ፎርራነር የምትነዱ ደግሞ ፕሪሚየም ቤንዚን አትቅዱ። ባለ 3.4 ሞተሩ የተሠራው ለ87 ኦክቴን፣ ለመደበኛው ቤንዚን ነው። ውዱ ነዳጅ ኪሎሜትር አይጨምርላችሁም።

እዚህ አገር በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን የማይነካ ነገር ነው። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበት ከሆነ ሞተሩ ይንኳኳል፣ አቅም ያጣል፣ ይበላል።

ምርጫ አራት፦ ሞተር መቀየር

ቤንዚኑን አውጥቶ ናፍጣ ማስገባት ፈታኝ ሐሳብ ነው። መሠረት የሌለው አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ከ10 በመቶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ይይዛል፤ ሞተሩም ያን ኃይል በተሻለ ይጠቀምበታል። ተርቦ ያለው ከሆነ የአዲስ አበባ ሳሳ ያለ አየርም ብዙ አያዳክመውም። በሊትር 7 የምትሄደው ፕራዶ 9 ብትገባ በ1,000 ኪሎሜትር 32 ሊትር ታተርፋላችሁ።

አሁን ወጪውን አስቡት። ሞተሩ ብቻ አይደለም። ካምቢዮው መግጠም አለበት። ኮምፒውተሩና ሽቦው፣ ራዲያተሩ፣ የነዳጅ መስመሩ፣ የሞተር መያዣው ሁሉ ይቀየራል። የሚገዛው ሞተር ያገለገለ ነው፤ ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ የሚያውቅ የለም። በፕራዶ ላይ የሚገጠመው ባለ 3.0 አሮጌው ናፍጣ ሲግል ቴስታው በመሰንጠቅ ይታወቃል። ተከታዩ ዲ4ዲ ደግሞ ኢንጀክተሮቹ ውድ ናቸው፤ የቆሸሸ ናፍጣ አይችሉም። ከወረቀቱም ጋር ሥራ አለ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬ ላይ ስለተጻፈ ለውጡ በሕግ መመዝገብ አለበት። ሳይመዘገብ የቀረ ሞተር በቦሎ ጊዜና በሽያጭ ጊዜ ጣጣ ነው።

በወር 1,000 ኪሎሜትር ለሚነዳ የከተማ ሰው 32 ሊትር ይህን ሁሉ አይከፍልም። በወር 4,000 ለሚነዳ፣ ለአስጎብኚ ወይም ለክፍለ ሀገር ሥራ፣ ሊከፍል ይችላል። የቤንዚኑ ሞተር ለማንኛውም ኦቨርሆል የሚጠይቅበት ደረጃ ላይ ከደረሰ ደግሞ ሐሳቡ ይበልጥ ሚዛን ይደፋል፤ የኦቨርሆሉ ወጪ ከሞተሩ ዋጋ ላይ ይቀነሳላችኋልና። ከዚህ ውጭ ግን አልመክርም። ትንሽ የቤንዚን ሞተር በከባድ አካል ላይ መግጠም ከሁሉም የከፋው ነው። ዳገት ላይ እግር ሳይነሳ ስለሚነዳ የቆጠበውን መልሶ ይጠጣዋል።

ምርጫ አምስት፦ መሸጥ

መኪናዋ ተለክታ ከፋብሪካ ቁጥሯ አጠገብ ከሆነች፣ ጎማው ልክ ከሆነ፣ አነዳዱም ከተስተካከለ፣ ከዚህ በላይ የምትሰጠው የላትም። በሊትር 7 የምትሄደው በምንም ተአምር 12 አትገባም። የምትነዱት ከሲኤምሲ መሀል ከተማ፣ ከመሀል ከተማ ቤት ብቻ ከሆነ እውነቱን መቀበል ይሻላል። በወር 1,000 ኪሎሜትር ከ7 ወደ 14 መሄድ 71 ሊትር ያስቀራል። ይሄን ያህል ለጤነኛ ፕራዶ የሚያስቀርላት መካኒክ የለም።

ኤሌክትሪክ ያልሆኑ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ምርጫው ተለውጧል። መንገዱ ላይ የቮልስዋገን አይዲ.4ና የቢዋይዲ መኪኖች ብዙ ናቸው። ቤቱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ላለው፣ ከከተማ ብዙም ለማይወጣ ሰው ኤሌክትሪክ ከማንኛውም ናፍጣ ያዋጣል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖርና በየምሽቱ የሚሰካበት ቦታ ለሌለው ግን መጀመሪያ ቻርጅ ማድረጊያው ይታሰብ። ወደ ጎንደር፣ ወደ ወለጋ ወይም ወደ ባሌ በዓመት ደጋግሞ ለሚወጣ፣ ጠጠር መንገድ ለሚገባ ደግሞ ጤነኛ የድሮ ፕራዶ ዛሬም ምትክ የላትም።

ለመሸጥ ከወሰናችሁም ቴርሞስታቷንና ሴንሰሯን አስተካክላችሁ፣ ለክታችሁ፣ ቁጥሩን ይዛችሁ ሽጧት። «በሊትር 7 ትሄዳለች፣ ታንክ ሙላና ራስህ ለካት» የምትሉት ገዢ ዋጋ ለማውረድ የሚይዘው ምክንያት አንድ ይጎድለዋል።